በበረት የከረመችው መኪና

የነሐሴው በረዶ የበረቱን ጣራ ባያፈርሰው ኖሮ አረጋሽ መኪናዋን ሳትነካት ትሞት ነበር። አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ በገለባ ሸፍና፣ በሩን ቆልፋ ኖራለች። ያን ዕለት ጠዋት ግን የጓሳ ሣር ክዳኑና ማገሩ መሬት ወርዶ፣ ከሥሩ የቀይ ላሜራ ጫፍ ብቅ ብሎ አየች። ጎረቤቶች መጥተው ፍርስራሹን አነሱላት። «ለቁራሌ ስጪውና ተገላገይ» አሏት።

መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣራዋ ሸራ የሆነ ፊያት ናት። የባሏ የበኃይሉ ነበረች። በኃይሉ አዲስ አበባ፣ አንድ የጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ዋና መካኒክ ነበር፤ ጣሊያኑ አገር ለቆ ሲወጣ ቁልፏን ለእሱ ሰጠው። በ1970 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ለእስር እንደሚፈለግ ሲሰማ አረጋሽን ይዞ በዚህችው መኪና መንዝ ድረስ መጣ። ሞላሌ አጠገብ ካለው ከአረጋሽ አባት ግቢ አስገባትና ጎማዋን አውልቆ በረት ውስጥ አቆማት። ሁለት ቀን አደረ። በሦስተኛው ቀን በእግሩ ቁልቁል ወደ ቆላው ወረደ። አረጋሽ ያኔ ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ልጅ አልወለዱም።

ከጥቂት ዓመት በኋላ አንድ ነጋዴ «ካርቱም አይቼዋለሁ፤ አግብቶ ወልዷል» የሚል ወሬ ይዞ መጣ። እናቷ «ጥሎሽ ለሄደ ሰው ዕድሜሽን አትፍጂ» እያለች እስክትሞት ለመነቻት፤ ሽማግሌም ሁለት ጊዜ ተላከ። አረጋሽ እንቢ አለች። ለታማኝነት ነው እንዳይባል፣ በልቧ ትረግመዋለች። ቂም ነው እንዳይባል ደግሞ፣ የደብረ ብርሃን አውቶቡስ በመጣ ቁጥር አንገቷ ይዞራል።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅ በአውቶቡስ ሹፌር በኩል ከሸዋ ሮቢት ባድሩን አስጠራች። ባድሩ ሃምሳን የተሻገረ፣ አሮጌ መኪና በመጠገን የታወቀ ሰው ነው። በረቱ ደጃፍ ቆሞ መኪናዋን አያት።

«እትዬ አረጋሽ፣ ሊሸጧት ነው?»

«አይ። ትነሣ እንደሆነ ብዬ ነው። ስትበሰብስ ማየት ሰለቸኝ።»

ሥራው ተጀመረ። አይጥ ወንበሮቹን ጨርሳቸዋለች። ፍሬኑ ዝጎ ተጣብቋል፤ የቤንዚኑ ጋን ውስጡ ዝቃጭ ብቻ ነው። አረጋሽ ምስርና ባቄላ እየሠራች ታበላዋለች፤ ከዚያ በርጩማዋን በረቱ ደጃፍ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። ባድሩ ሲሠራ መንዙማ ያንጎራጉራል። በዚያ ግቢ የሰው ድምፅ ከተሰማ ስንት ዘመኑ! አንዳንዴ የምትጠይቀው ሲያልቅባት እንኳ «ይኼስ ምንድን ነው?» ትለዋለች፣ ዝም እንዳይል።

በአምስተኛው ቀን ሞተሩን በእጁ ቢሞክረው ዞረለት።

«ባለቤትዎ ብልህ ነበሩ» አለ ተገርሞ። «እንዳይደርቅ ዘይት አፍስሰውበታል።»

ቀጥሎ ቤንዚኑን ለሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች እሳት የሚያከፋፍለውን ዕቃ ክዳን ከፈተና ቀና አለ።

«ከሳቸው በኋላ ኮፈኑን የከፈተ ሰው አለ?»

«ማንም። የበረቱ ቁልፍ ካንገቴ ወርዶ አያውቅም።»

«ሮተሯ የለችም። አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ዕቃ ናት፤ ያለ እሷ ሞተሩ አይነሣም። ነቅለው ወስደው፣ ባዶውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ክዳኑን መልሰው ገጥመውታል።»

«ምን ያደርግለታል?»

«ሌላ ሰው አስነሥቶ እንዳይወስዳት ነዋ። እትዬ፣ እሷን ኪሱ ከትቶ የሚሄድ የሚመለስ ሰው ነው። ለማይመለስበት መኪና ሮተር ምን ያደርግለታል?»

አረጋሽ ከበርጩማዋ ተነሣች። የገብሱ ማሳ ዳር ሄዳ ቆመች። ጉም ከገደሉ ሥር እየወጣ ማሳውን ሲሸፍነው እንኳ አልተንቀሳቀሰችም። ጥሏት አልሄደም ነበር። ሊመለስ ነበር። ታዲያ እንደዚያ ከሆነ ያልተመለሰው... ይህን «ጥሎሽ ሄደ» ላሉት ሁሉ ልትነግራቸው ፈለገች፤ ማን አለ? እናቷ የለች፣ ነጋዴው የለ፣ ያሟት ሴቶች ሁሉ ከመቃብር ናቸው።

ስትመለስ ባድሩን «ሞቷል በለኛ» አለችው። ባድሩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አቀረቀረ።

በማግሥቱ ወደ ቄስ አትናቴዎስ ሄደች።

«አባ፣ ፍትሐት ይደረግልኝ።»

«ለማን?»

«ለባለቤቴ።»

«መቼ ዐረፈ?»

«እንጃ፣ አባ። እኔ የሰማሁት ትናንት ነው።»

ቄሱ ከፊቷ ላይ ነገሩን አነበቡትና ሌላ አልጠየቁም። የክርስትና ስሙን ብቻ ጠየቋት። «ኃይለ ኢየሱስ» አለች። ይህን ስም ጮክ ብላ ከጠራችው አርባ ዓመት አልፏል።

ባድሩ አዲስ አበባ ወርዶ ከአሮጌ ዕቃ ተራ ሌላ ሮተር፣ ጎማና ባትሪ ይዞ መጣ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሞተሩ አስነጠሰ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ድምፁን አስተካክሎ ያዘ። ዶሮዎቹ ተበተኑ። አረጋሽ ጥቁር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ አዳመጠች።

ለፍትሐቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን የወሰዳት ባድሩ ነው። ሸራው ተቀዶ ስላለቀ ብርዱ ፊቷን ይገርፋታል። መኪናዋ በሐሳቧ ትልቅ ነበረች፤ አሁን ግን ጉልበቷ እንኳ አልገባ ብሎ ተጨናነቀች። ለቅሶው ላይ የመጡት አሥር አይሞሉም። አብዛኞቹ በኃይሉን አያውቁትም፤ ያለቀሱት ለየራሳቸው ሙት ነው። እሷም በዚያ አልከፋትም።

በሦስተኛው ቀን ባድሩ ዕቃውን ሲሸክፍ «መንዳት ላስተምርዎ?» አላት።

«ወዴት ልሄድባት? ይዘሃት ሂድ። እዚህ ከቆመች ደግሞ ትዝጋለች።»

አይሆንም ብሎ ተከራከረ፤ አልሰማችውም። እንቁላልና ቆሎ ቋጥራለት ሸኘችው። የሞተሩ ድምፅ ዳገቱን ሲያልፍ ሳሳ፤ ደግሞ ከማዶ አንዴ ተሰማ፤ ከዚያ በኋላ ነፋሱ ብቻ ነበር።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሞላሌ ገበያ ገብስ ይዛ ወጣች። አጠገቧ የተቀመጠች፣ ከወዲያ ማዶ የመጣች የማታውቃት ሴት ጥቁር ልብሷን አይታ «ማን ሞተብሽ?» አለቻት።

«ባሌ» አለች አረጋሽ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እናቴ።»

«አሜን» አለች። ሴትዮዋ ወደ ገበያተኛዋ ዞረች። አረጋሽ የገብሷን ስልቻ አፍ ፈትታ፣ እጇን እህሉ ውስጥ ከትታ፣ ገዢ እስኪመጣ ተቀመጠች።