የፋንታሲው ቅሬ

ሚስባህ ኳስ አዋቂ ነው። ራሱ ስለሚናገረው ሌላ ምስክር አያስፈልገውም። ኮምቦልቻ ላይ በርና መስኮት የሚበይድበት ሱቅ አለው፤ እዚያ ደጃፍ ላይ ቆሞ ስለ ኳስ ያላስተማረው መንገደኛ የለም። የእንግሊዝ አሠልጣኞች ምክሩን ቢሰሙት ኖሮ ስንቱ ከመባረር በዳነ! እና ይሄ ሰው በፋንታሲው ስንተኛ ነው? መጨረሻ። ከአሥራ ሁለት ሰው አሥራ ሁለተኛ።

ፋንታሲ ለማያውቀው ሰው በስልክ የሚጫወቱት ነገር ነው። ከእንግሊዝ ክለቦች የፈለግከውን ተጫዋች መርጠህ የራስህን ቡድን ታቋቁማለህ፣ አንዱን ካፒቴን ታደርገዋለህ። እነሱ እዚያ ሜዳ ላይ ሲያገቡ ላንተ እዚህ ነጥብ ይቆጠርልሃል። በየሳምንቱ ከጨዋታ በፊት ገብተህ የተጎዳውን ታወጣለህ፣ ደህናውን ታስገባለህ፤ ሥራው ይኸው ነው። ቀላል ይመስላል። ግን ከመስከረም እስከ ግንቦት ሳይሰለቹ መክረም ያስፈልጋል፣ ብዙ ሰው የሚሰንፈውም እዚያ ላይ ነው።

ጓደኛሞቹ የሚፎካከሩበትን ሊግ ያቋቋመው ራሱ ሚስባህ ነበር። አሥራ ሁለቱም ደሴ ላይ አንድ ሰፈር ያደጉ ናቸው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ አጥር ሲዘል የኖረ። ከጦርነቱ በኋላ ግን ሰፈሩ ተበተነ። አንዳንዱ ኮምቦልቻ ወረደ፣ አንዱ ሐርቡ ገባ፣ አንዱ ቢስቲማ፣ የቀረው እዚያው ደሴ ቀረ። ሰው ከሰው የሚገናኘው ለቅሶ ላይ ብቻ ሆነ። የሚስባህ ወንድሞችም በየአገሩ ስለሄዱ፣ ከሚስቱ ከጣይባ ሌላ የኔ የሚለው ሰው ቢኖር እነዚሁ የሰፈር ልጆች ነበሩ። ይሄ ነገር ሆዱን ሲበላው ከርሞ አንድ ቀን፣ "ፋንታሲ እንግባ፤ ሌላው ቢቀር በየሳምንቱ እንሰዳደባለን" አለ። ተስማሙ።

ሕጉን ሲያወጣ ደግሞ ከቅሬ ቀዳው። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ከቅሬ የቀረ ሰው ዝም ተብሎ አይቀጣም። መጀመሪያ "ምን ነክቶት ይሆን?" ይባልና ቤቱ ድረስ ተሄዶ ይጠየቃል። ታሞ ከሆነ ዱዓ ይደረግለታል፣ ሐዘን ገብቶበት ከሆነ ይጽናናል። በደህናው የቀረ እንደሆነ ግን አለቀለት፤ ከቅሬ ይወጣል፣ በሰው ፊት ያፍራል። የፋንታሲውም ሕግ ይኸው ሆነ። ሦስት ሳምንት ቡድኑን ያልነካ ሰው ቤቱ ድረስ ተሄዶ ይጠየቃል፣ ምክንያት የሌለው ይባረራል። የቅሬ አለቃ ዳኛ ነውና የሚባለው፣ ሚኒባስ የሚነዳውን ሞላን ዳኛ አደረጉት። ሞላ ዳቆን ነበር ድሮ፤ ቀልድ ላይም ቢሆን ሕግ ከተባለ አይስቅም።

ጥቅምትን በደህና አለፈ ሚስባህ። ከዚያ በኋላ ግን ነገር ተበላሸ። አጥቂውን በሸጠው ሳምንት ያ አጥቂ ሦስት አገባ። መልሶ ሲገዛው ጉልበቱን ታመመ። በረኛውን ለወጠ፣ አዲሱ በረኛ ቀይ ካርድ አየ። ይሄ ሁሉ ሲሆን አንደኛ ሆና የምትመራው ማን መሰለቻችሁ? ዊዳድ! የጣይባ ታናሽ እህት፣ ደሴ ፒያሳ ላይ የሽቶና የቅባት ሱቅ ያላት፣ አምና ሊጉ ውስጥ ስትገባ "ኦፍሳይድ ምንድን ነው?" ብላ የጠየቀችው። አሁን በየሰኞው ቴሌግራም ላይ ትጽፍለታለች። "አያ ሚስባህ፣ አንተ ያስተማርከኝን ተቃራኒውን እያደረግኩ ነው፣ አላህ ይስጥልኝ።" ሌላው ይስቃል። ሚስባህም አብሮ የሳቀ ለመምሰል አንዲት የሳቅ ምልክት ይልክና ስልኩን ወንበር ላይ ይወረውረዋል።

አንድ አርብ ቡድኑን ሳይነካ ዋለ። "ምን ያደርግልኛል? ብነካው ያው መጨረሻ፣ ባልነካው ያው መጨረሻ" አለ። በሚቀጥለውም አርብ እንዲሁ፣ በሦስተኛውም። ቴሌግራሙንም ዝም አሰኘው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ቀለል ብሎት ነበር። ቅዳሜን እንደ ሰው በሰላም ዋለ። ጣይባ ግን ሰውዬዋን ታውቀዋለች።

"ሕጉን ያወጣኸው አንተ አይደለህ እንዴ? ይመጡብሃል" አለችው።

"ማን? ለጨዋታ ብሎ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው አለ?"

እሑድ ጠዋት የሞላ ሚኒባስ በራፋቸው ላይ ቆመች።

ሚስባህ በመስኮት አጮልቆ አየ። ዊዳድ አለች፣ ሞላ አለ፣ ሌሎችም ከኋላ ይወርዳሉ፤ ስኳር ይዘዋል፣ ብርቱካን ይዘዋል፣ አንዱ ለስላሳ በሳጥን ተሸክሟል። የምር ታሟል ብለው ነው የመጡት! ምን ይበል? "መጨረሻ ስለወጣሁ ከፋኝ" ይበል? ሮጦ መኝታ ቤት ገባና ጋቢውን እስከ አንገቱ ድረስ ተከናንቦ ተጋደመ።

"ጣይባ፣ ታሟል በያቸው" አለ በሹክሹክታ።

"ወላሂ አልልም።"

ገቡ። "አላህ ያሽርህ"፣ "እግዜር ይማርህ" እያሉ አልጋውን ከበቡት። ሞላ ግንባሩን ዳበሰው።

"ምንህን ነው?"

"ወገቤን" አለ ሚስባህ፣ ድምፁን አለስልሶ። "ቀና ማለት አቅቶኛል።"

ዊዳድ እህቷን አየቻት። ጣይባ ኮርኒሱን ታያለች። "ጣዩ፣ መቼ ጀመረው?"

"እኔ የማውቀው" አለች ጣይባ፣ "ዛሬ ጠዋት ትልቁን የብረት በር ብቻውን ተሸክሞ ከሱቅ አውጥቶ ለደንበኛ ጭኗል።"

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ፤ ለስላሳ የተሸከመው ሰውዬ ሳጥኑን መሬት አስቀምጦ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሚስባህ ጋቢውን ገፎ ተነሳ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። ያልሳቀ ሞላ ብቻ ነበር። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"እንግዲህ ደህና ነህ ማለት ነው" አለ። "ደህና ሆኖ የቀረ ምን ይሆናል? አንተው ተናገር፣ ሕጉን ያወጣኸው አንተ ነህ።"

"ሞላ፣ ጨዋታ እኮ ነው!"

"ጨዋታ ከሆነ ለምን ተኛህ?"

ሚስባህ ጋቢውን ማጠፍ ጀመረ። የሚስቁት ሰዎች ሳቃቸው ቀስ በቀስ ቀነሰ። ሞላ እንደማይቀልድ ሁሉም ያውቃል፤ አምና አንዱን በዚሁ ሕግ አስወጥቶት፣ ሰውዬው አሁንም ድረስ ሰላምታው ቀዝቅዟል። ሚስባህ ፈራ፣ የምሩን ፈራ። ከሊጉ ቢወጣ በየሳምንቱ ማን ይሰድበዋል? ማንስ ለወገቡ ብርቱካን ይዞ ይመጣል? መጨረሻ መሆን ያን ያህል ያሳፈረው ሰውዬ፣ አሁን መጨረሻ ሆኖ ለመቆየት ልመና ቀረው።

ሲጨንቀው ክፉ ሐሳብ መጣለት። ብቻዬን አልወጣም፣ እንደኔ የሰነፈ ሌላ ሰው ይኖራል አለ። ስልኩን አውጥቶ የእያንዳንዱን ቡድን እየከፈተ ማየት ጀመረ። ማን ማንን እንደለወጠ፣ መቼ እንደለወጠ ይታያል። የሞላ፣ ተለውጧል። የዊዳድ፣ ተለውጧል፣ አይ ይቺ ልጅ! እየወረደ እየወረደ ሄዶ ድንገት ጮኸ።

"አገኘሁት! ኪዳኑ! እኔ ሦስት ሳምንት ቀረሁ፣ ኪዳኑ ከሁለት ወር በላይ አንድ ተጫዋች አልነካም! ካፒቴኑ ከተጎዳ ስንት ጊዜው፣ እንዳለ አስቀምጦታል! እሱን ትታችሁ እኔን?"

"ኪዳኑ ሁለተኛ አይደለም እንዴ?" አለች ዊዳድ።

"ሁለተኛ ነዋ! ካፒቴኑ ባልተጫወተ ቁጥር ምክትሉ በራሱ እየተካለት፣ ቤንች ያለው ተቀያሪ እየገባለት፣ እሱ ተኝቶ ነጥብ ይሰበስባል! ታዲያ ፍርድ ነው ይሄ?"

አንድ ሁለቱ "ዕድል ይሉሃል ይሄ ነው" ብለው ሳቁ። ሞላ ግን ስልኩን ከሚስባህ እጅ ወስዶ ያይ ጀመር።

"የምናየው ነጥቡን ነው" አለ። "ነጥቡ የወደቀውን ሰው እንጠይቃለን። ኪዳኑን ማን አናገረው በዚህ ሰሞን?"

ማንም አላናገረውም። ኪዳኑ ቢስቲማ አስተማሪ ነው፤ ድሮም ዝምተኛ፣ ቴሌግራሙ ላይ ከወር አንዴ "እሺ" ብሎ የሚጽፍ። ዊዳድ ደወለች። ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። ተወት አድርጋ ደገመች፣ ያው ነው። ሚስባህ አሁን ሲጮህበት የነበረውን አስታውሶ ራሱን ጠላ።

"ተነሱ" አለ። "ለኔ ያመጣችሁትን ስኳር እንዳለ ጫኑት።"

"ያንተ ጉዳይ አላለቀም" አለ ሞላ፣ ቁልፉን እያነሳ።

"አባርረኝ፣ ግን መጀመሪያ ንዳ!"

ደሴን ሽቅብ ወጥተው፣ ሐይቅን አልፈው ወደ ቢስቲማ ታጠፉ። መጀመሪያ ላይ ሰው ያወራ ነበር። "ስልኩ ተበላሽቶበት ይሆናል"፣ "ፈተና እያረመ ይሆናል" ተባለ። ኋላ ወሬው እየከዳ መጣ። ሚስባህ የሚያስበው ስለ እማማ አልጣሽ ነበር፤ የኪዳኑ እናት ናቸው፣ ልጃቸው ቢስቲማ ሲመደብ አብረውት የሄዱ። ለፋሲካ የሰፈሩን እስላም ልጆች ለማብላት ሲሉ የሚስባህን አባት ጠርተው ለብቻ ዶሮ ያሳርዱ ነበር፤ ድስቱም ለብቻ፣ ሰሐኑም ለብቻ። ሚስባህ ዶሮ ወጥ የለመደው እሳቸው ቤት ነው። መጨረሻ ያያቸው መቼ እንደሆነ ሊያስታውስ ሞከረና አቃተው።

ቢስቲማ ገብተው የአስተማሪውን ቤት ጠየቁ። አንዲት ሴትዮ አሳየቻቸውና፣ "ከሩቅ ናችሁ?" አለች። "እግዜር ያጥናችሁ።"

የቀረውን መንገድ እየሮጡ ጨረሱት።

ኪዳኑ በሩን ከፈተ። ጥቁር ለብሷል፣ ጺሙ አድጓል፣ ከስቷል። አንድ በአንድ አያቸው፤ ሞላን፣ ዊዳድን፣ ስኳሩን፣ ለስላሳውን፣ ሚስባህን።

"እማዬ ናት" አለ። "በኅዳር።"

"አርባቸውም አለፈ?" አለ ሞላ።

"አለፈ። የዚህ አገር ቅሬ እግዜር ይስጣቸው፣ በደንብ ነው የቀበሩልኝ።"

"ምነው ኪዳኑ፣ ሰው እንዴት አይነግርም!" አለች ዊዳድ እያለቀሰች።

"የእናቴን መርዶ ራሴ ደውዬ ልንገራችሁ?" አለ ኪዳኑ። "ሐዘንተኛ መርዶ ሲናገር የት አይታችኋል? ስልኬም ያን ቀን ሆስፒታል ለሆስፒታል ስሮጥ ወድቆ ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ ማሠራቱም አላሰኘኝም።" በሩን ተደግፎ ቆመ። "ደግሞ ሕግ አለን አልኩ። ቡድኔን እንዳልነካሁ ያያሉ፣ ሦስት ሳምንት ሲሞላ ይመጣሉ አልኩ። ሦስተኛው ሳምንት እሑድ ቤቱን አስጠርጌ፣ በር በሩን ሳይ ዋልኩ። በሚቀጥለውም እሑድ እንዲሁ።"

ሞላ አንገቱን ደፋ። ሚስባህ የሚለው ነገር ሲፈልግ ያገኘው ይሄንኑ ብቻ ነበር።

"ነጥብህ እየጨመረ ነበራ፣ ኪዳኑ። ማን ይጠርጥር?"

"እየጨመረ? ስንተኛ ነኝ?"

"ሁለተኛ።"

ኪዳኑ ሊስቅ ነው ብለው ጠበቁ፤ ፊቱም ሊስቅ ሞክሮ ነበር።

"እናቴን ቀብሬ ሁለተኛ ወጣሁ?" አለ።

ሞላ ጫማውን በር ላይ አወለቀ። "ሕጉ እኛ ላይ ነው የፈረደው" አለ። "የቀረነው እኛ ነን። ዳኝነቱን ላንተ ሰጥቻለሁ፤ አፉ በለን፣ ማረን፣ ወይም ቅጣን።"

"አፉ በለን" አሉ ሌሎቹም፣ አንድ በአንድ። ሚስባህ የመጨረሻው ነበር።

ኪዳኑ ከበሩ ገለል አለ። ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ግድግዳው ላይ የእማማ አልጣሽ ፎቶ አለ፣ ነጠላቸውን እንደተከናነቡ።

"ስኳር አልፈልግም" አለ። "ቅጣትም አልፈልግም። የዚህ አገር ሰው ቀበራት እንጂ በደህናው ቀኗ አያውቃትም፣ በጨዋታዋ አያውቃትም። ከደሴ፣ ከሰፈሯ፣ በስሟ እየጠራ ያለቀሰላት አንድ ሰው የለም። ግቡና አልቅሱላት።"

ሚስባህ ሁሉንም ቀድሞ ገባ። ፎቶው ፊት ቆሞ፣ "እማማ አልጣሽ! እማማ አልጣሽ!" እያለ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ጮኾ አለቀሰ።