ይጨማደዳል

እኔ ቁጭ ማለት የማልችል ሰው ነኝ። ሳቁ እንግዲህ፣ ሁሉም ይስቃል። ወንድሜማ «ምሰሶ» ብሎ ስም ካወጣልኝ ስንት ዘመኑ! አክስቴ ደግሞ ባል ሳላገባ ዕድሜዬ ሲገፋ አይታ «ይቺ ልጅ ቆማ ቀረች» እያለች ታዝንልኛለች። የእኔ መቆም ግን የአነጋገር አይደለም፣ በቁሜ ነው።

ጥፋቱ የእናቴ ነው። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ቤታችን በመጋረጃ የተከፈለ አንድ ክፍል ነበር፤ ከመጋረጃው ወዲህ የስፌት መኪናዋ፣ ካውያዋና ጨርቅ የምትቆርጥበት ጠረጴዛ፣ ከመጋረጃው ወዲያ እኛ። ልብስ የሚለካበት አሻንጉሊት መግዛት ስላልቻለች እኔን ወለደች። ቁመቴ ያለ ዕድሜው ተመዞ ነበርና የትልልቅ ሴቶች ቀሚስ ይደርሰኛል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጫማዬን አስወልቃ ጠረጴዛው ላይ ታወጣኝና የሰው ቀሚስ ታጠልቅልኛለች። ከዚያ አፏን ሙሉ ስፒል ይዛ እየዞረችኝ፣ የሰፋውን እየሰበሰበች መውጋት ነው። ትንሽ ጉልበቴን ላጥፍ ካልኩ በጥርሶቿ መሀል «አትቀመጪ፣ ይጨማደዳል!» ትላለች። ስትጨርስ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ነቅላ «ጨርሻለሁ፣ ቁጭ በይ» ትለኛለች። ያኔ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ዘጭ ነው! እንደዚያ ቃል ጆሮዬን ደስ ያሰኘው ነገር የለም።

ሞዴል የሆንኩትም በዚሁ መቆም ነው። አንዲት የፋሽን ትርኢት አዘጋጅ ቀሚሷን ልትወስድ መጥታ እናቴን አጣቻት፤ እናቴ ክር ልትገዛ ወጥታ ነበር። እኔ ጠረጴዛው ላይ ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ። ሴትዮዋ እጅጌዬን ዳበሰች፣ አገጬን ቀና አደረገች፣ ዞር ብላ «ይሄ አሻንጉሊት እንዴት ያምራል በናታችሁ!» አለች። «እናቴ አሁን ትመጣለች» አልኳት። ጩኸቷን ሰፈሩ ሁሉ ሰማው። ከድንጋጤዋ ስትመለስ ግን እጄን ይዛ አልለቅም አለች።

ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ቆምኩ! ሌሎቹ ልጆች ከመድረክ ጀርባ ግድግዳ ሲደገፉ እኔ እቆማለሁ። ሚኒባስ ውስጥ እንኳ የትርኢት ልብስ ከለበስኩ አንገቴን ጎንበስ አድርጌ ቆሜ ነው የምሄደው፤ ሹፌሩ በየማዞሪያው ይቅርታ ይጠይቀኛል። አንድ ቀን መሀል መድረክ ላይ ታኮዬ ተሰበረ። ምንም እንዳልሆነ በጣቴ ጫፍ ተራምጄ ጨረስኩ። በሚቀጥለው ትርኢት ሁለት ልጆች ሆን ብለው ሲያነክሱ አየሁ፤ አዲስ ስታይል መስሏቸው ነው።

ይሄ ሁሉ ሆኖ አንድ ቀን አዘጋጇ ጠርታ «የኔ ቆንጆ፣ ፊትሽ ደከመው» አለችኝ። እግሬን አላየችውም! በእኔ ቦታ የገባችው ልጅ እኔ ሥራ ስጀምር ገና አልተወለደችም ብል ማጋነን አይሆንም።

ሥራ ፈትቼ ቤት ቆሜ ሳለሁ (አዎ፣ ቆሜ) አንድ ዳይሬክተር ደወለ። ዋናዋ ተዋናይት ተጣልታው ሄዳ ነበር። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ እኔን ወሰደኝ። ልብስ አጥቢ ሆኜ ነው የምሠራው፤ አንድ ልጇን በሥራ ላይ አደጋ የምታጣ እናት። አንድ ሰው መጥቶ መርዶውን ይነግረኛል፣ እኔ እጣቢ ያጨቀየው በራፌ ላይ እወድቃለሁ። ፊልሙ ያለዚያ ውድቀት ምንም አይደለም። ጽሑፉን ሳነብ ለራሴ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ዓመት ሰው ልብሴን አየ እንጂ ድምፄን የጠየቀኝ አልነበረም። ሥራውን ፈለግሁት፤ እንደ እሱ የፈለግሁት ነገር የለም።

ቀሚሱ ለሄደችው ተዋናይት የተሰፋ ስለነበር ሁለት እኔን ያስገባል። የአልባሳት ኃላፊው ከኋላዬ ሰብስቦ በስፒል አያያዘውና «ጨርሰናል፣ ካሜራው ከፊት ነው» አለ።

«አክሽን!»

መርዶ ነጋሪው ተናገረ። እኔም ወገቤን ሳልሰብር፣ ቀሚሴን በሁለት እጄ ሰብሰብ አድርጌ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አልኩና መሬት ሳልደርስ ቆምኩ።

«ከት! እመቤት፣ ልጅሽ ሞቷል! ቀሚሱን ማን አየብሽ?»

እንደገና። አሁን ደግሞ ግድግዳ ልደገፍ ስል አቧራውን አይቼ ተመለስኩ። በሦስተኛው ፍራሽ አነጠፉልኝ፤ እጄን ከራሴ ስር አድርጌ፣ የቀሚሴን ጠርዝ ዘርግቼ ጋደም አልኩበት። ካሜራማኑ «ፎቶው ግን ያምራል» አለ። መርዶ ነጋሪውም ሰልችቶት «እኔ ልውደቅላት እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

ወደ ማምሻው ዳይሬክተሩ ፊቴ መጥቶ ቆመ። «ነገ ጠዋት አንድ ዕድል አለሽ። ካልወደቅሽ ሌላ ሴት አለች፣ ያውልሽ መኪናው ውስጥ ተቀምጣለች።» ተቀምጣለች የሚለውን ረገጥ አድርጎ ነው የተናገረው፣ አይ ክፋት!

ቤት ገብቼ መውደቅ ስለማመድ ዋልኩ፣ አመሸሁ ልበል። ወንድሜ ከኋላዬ መጥቶ ገፈተረኝ፤ እሱ ወደቀ። «ኧረ ይቺን ልጅ ሲሚንቶ ነው የሞሏት!» እያለ ክርኑን ያሻል። እናቴ ከካውያዋ ቀና ብላ ስታየኝ ቆየች። ጠዋት ስወጣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ተከተለችኝ።

«እማዬ፣ የት ነው?»

«ስትወድቂ ላይሽ።»

ዳይሬክተሩ ከካሜራው ጀርባ በርጩማ ሰጣት። የአልባሳት ኃላፊው ስፒሎቹን ሰካካ። ያቺ ሌላዋ ሴት ዛሬም መኪናው ውስጥ ናት፤ መስታወት ይዛ ከንፈሯን ትቀባለች።

«አክሽን!»

መርዶ ነጋሪው ተናገረ። እንባዬ መጣ፣ ሳጉ መጣ፣ ጉልበቴ ግን ወይ ፍንክች! ቆምኩ። አለቀልኝ ብዬ ቆምኩ። ዳይሬክተሩ አፉን ሊከፍት ሲል እናቴ ከበርጩማዋ ተነሳችና በካሜራው ፊት አልፋ ወደ እኔ መጣች። አንዱ በሹክሹክታ «እማማ፣ ኧረ እየተቀረጸ ነው!» አላት። ማንን ልትሰማ! በኋላዬ ዞረች። ወገቤን ዳበሰችና «እቴ! ይሄም ስፌት ተብሎ!» አለች። ከዚያ ስፒሎቹን አንድ በአንድ እየነቀለች አፏ ውስጥ ከተተች። ቀሚሱ ላላ። ዞራ ከፊቴ ቆመች፣ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ጨርሻለሁ ልጄ» አለች በጥርሶቿ መሀል። «ቁጭ በይ።»

ጉልበቴ ከዳኝ። ዘጭ አልኩ፣ ጭቃው ላይ! ከልጅነቴ ጀምሮ የቆምኩት ሁሉ ባንድ ጊዜ ወጣ። ያ የፊልም ልጄ ትዝም አላለኝ፣ ለእግሬ ነው ያለቀስኩት። እንደ ሕፃን ጮኼ አለቀስኩ። እናቴም ጭቃው ላይ ተቀመጠችና ራሴን ደረቷ ላይ አደረገችው። አይዞሽ እንዳትለኝ አፏ ስፒል ሞልቶታል፤ እምም፣ እምም እያለች ጀርባዬን ትመታለች። ዳይሬክተሩ «ከት!» ማለት ረሳ።

በመጨረሻ ትንፋሹን ሰብስቦ «እናቴ፣ እርስዎ ማን ነዎት?» አላት።

እናቴ ስፒሎቹን መዳፏ ላይ ተፋች። «መጀመሪያ ይሄን ቀሚስ የሰፋው ማን እንደሆነ ንገረኝ!»

ጭቃው ላይ የተቃቀፍንበት ቀረጻ እንዳለ ፊልሙ ውስጥ ገባ፤ ያቺ ሌላዋ ሴት በመኪናው ወደ ቤቷ ተሸኘች።

ፊልሙ ሲወጣ ጋዜጦቹ እኔን ደህና ነች አሉኝ። እናቴን ግን ሰማይ ሰቀሏት፤ «ሐዘኗን በተጨመቀ ከንፈሯ የዋጠችው ጎረቤት» ተባለላት። ወንድሜ ጮክ ብሎ ሲያነብላት «ምን ሐዘን ዋጥኩ? ስፒል እንዳልውጥ ነው እንጂ!» አለች። ዳይሬክተሩ ለሚቀጥለው ፊልሙ አሁንም ይለምናታል። እሷ ደግሞ «የምመጣው ልጄ ካለችበት ብቻ ነው» ብላዋለች።

ፊልሙ የተመረቀ ቀን እናቴ የሰፋችልኝን ቀሚስ ለበስኩ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። እናቴ ከክብር እንግዶቹ መሀል ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ያለው ወንበር የእኔ ነው። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። መብራቱ ሊጠፋ ሲል ዞር ብላ አየችኝ።

«አንቺ! ቁጭ በይ እንጂ!» አለች፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ።

«እማዬ፣ ይጨማደዳል!»

እናቴ ቀሚሱን አየችው። ጠዋቱን ሙሉ ስትተኩሰው ነበር ያረፈደችው።

«ይጨማደድ!» አለች።

ይህን ቃል ከእናቴ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እያለቀስኩም እየሳቅሁም በሰው ጉልበት መሀል አልፌ ሄጄ አጠገቧ ዘጭ አልኩ። ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ፣ በጨለማው፣ እጇን ሰድዳ ጉልበቴ ላይ ያለውን ጨርቅ ቀስ ብላ ስታቃናው ያላየሁ መሰላት።