ጥያቄ ሃያ አራት

የሕዝብ ቆጠራው በተጀመረ ዕለት የመጀመሪያውን በር አንኳኩታ፣ ከውስጥ «ማን ነው?» ሲሏት «ቆጣሪ ነኝ» ብላ ነበር የመለሰችው። «ቆጣሪው በጓሮ በኩል ነው! ደግሞ ባለፈው ሳምንት ተነቧል!» የሚል ቁጣ መጣላት። መምህርት ናት፤ ስሕተቷን ቶሎ ታርማለች። ከዚያ ወዲህ «የመብራት አይደለሁም፣ የሰው ቆጣሪ ነኝ» እያለች ትገባለች፤ ሰዎቹ ይስቃሉ፣ ወንበር ያቀርባሉ፣ እሷም ታብሌቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጥያቄዋን ትጀምራለች።

በአሥራ አንድ ቀን መቶ አሥራ ሁለት ቤት ቆጥራለች። የቀራት አንድ ቤት ነው። እሱንም ሆን ብላ ነው ያስቀረችው፤ እዚያ ጋ ስትደርስ መንገዱን ተሻግራ፣ ስልክ እንደምታይ ሆና፣ «ነገ» እያለች ታልፈዋለች። የእናቷ ቤት ነው።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ተቆጣጣሪው ደወለላት። «አንቺ፣ የሁሉም ሰው ተዘግቷል እኮ። ያንቺ ብቻ ነው ቀይ የሚያሳየኝ። አንድ ቤት ምን ሆነ?»

«የዘመድ ቤት ነው። ሌላ ሰው ብትልክልኝስ?»

«ዘመድ ከሆነማ ቶሎ ያልቃላ!» አላት። ምስኪን፣ በምን ያውቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ አሥራ አንድ ወር ሆስፒታል ገብታ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ወንድ ነበር። የጎደለ ነገር አልነበረም፤ ማሞቂያ ሣጥኑ፣ ኦክስጅኑ፣ የልብ ምቱን በአረንጓዴ መስመር የሚያሳየው ስክሪን፣ እየሮጡ የሚገቡ ሐኪሞች፣ ሁሉም ነበር። ልጁ አምስት ሰዓት ተኩል ኖረና ሞተ። በተሽከርካሪ አልጋ እየገፉ ሲያወጧት እናቷ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። እጇን ያዘቻትና «ምንም አይደለም ልጄ፣ ሌላ ትወልጃለሽ» አለቻት።

ምንም አይደለም። ብርጭቆ ሲሰበር የሚባለውን። አውቶቡስ ውስጥ እግርሽን የረገጠሽ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅሽ የምትዪውን። የእናቷ አፍ ያንን ቃል ለልጇ አወጣ፤ የእሷም ሆድ ያን ዕለት ቆረጠ። ከዚያ በኋላ ወደ እናቷ ቤት ብትሄድም ደጅ ላይ ቆማ ደኅንነቷን ጠይቃ መመለስ ነው። ሰው ሲጠይቃት «ሥራ በዝቶብኝ» ትላለች።

ይኸው ደግሞ ቆጠራው ጥያቄ ሃያ አራትን አመጣባት። ጥያቄው ሁለት ክፍል አለው፤ በሕይወት ዘመንዎ ስንት ልጆች ወልደዋል? ከነዚህ ውስጥ ስንቱ በሕይወት አሉ? ከሃያኛው ቤት በኋላ የሴቲቱን ዕድሜ እንደሰማች መልሱን መገመት ጀመረች። ሰባን ያለፉት «አሥራ አንድ ወልጄ አራት አሉኝ» ይላሉ፤ «ዘጠኝ ነበሩ፣ ሦስት ቀሩልኝ» ይላሉ። ሃምሳዎቹን የያዙት «ስምንት፤ ስምንቱም አሉ፣ ይመስገነው» ይላሉ። የእነሱ ልጆች ደግሞ ሁለት፣ ሁለት። አንድ፣ አንድ። በአያቶቹና በእናቶቹ መሐል መርፌ ገብቷል፤ መርፌና የቧንቧ ውኃ። በእናቶቹና በልጆቹ መሐል ደግሞ ክንድ ውስጥ የምትቀበረው የወሊድ መከላከያ ገብታለች። እሷ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ሰማንያ ልጅ ይቀመጣል፤ መምህራኑ በየዕረፍቱ «ይኼ ሁሉ ሕዝብ ከየት መጣ?» ይባባላሉ። ከየትም አልመጣም። ድሮም ይወለድ ነበር፤ አሁን አልሞት አለ እንጂ። ጥርሳቸው ያለቀ አንድ ሽማግሌ «ድሮ የሚቆጥረን ሞት ነበር፤ አሁን እናንተ ተካችሁት፤ ለውጥ ነው» ብለዋት ስቃ ነበር።

ግን በእሷ ዕድሜ ካሉት ሴቶች መካከል፣ በዚያ ሁሉ ቤት፣ ሁለቱ ቁጥሮች የተለያዩባት አንዲት እንኳ አላገኘችም። ይኼ ነው ያንገበገባት። በእናቷ ዘመን ቢሆን በየደጁ አንድ የምታቅፋት ሴት ታገኝ ነበር። ልጅ በማይሞትበት ዘመን ልጅ የሞተባት እሷ ብቻ ሆነች፤ ሰዉም እንዴት እንደሚያጽናና ረስቶታል። በመጀመሪያው ቀን ለልምምድ ተብሎ የራሷን ቤት ስትቆጥር ሃያ አራት ላይ ደረሰችና ባሏን ቀና ብላ አየችው። እሱ ድንገት ውኃ መዝጋት ትዝ አለውና ወጣ። ዜሮ ብላ ጻፈች። ዜሮ። ታብሌቱ በአረንጓዴ ፊደል «ስሕተት የለም» አላት።

የእናቷ በር ክፍት ነበር።

«የሰው ቆጣሪ ነኝ» አለች ደፉ ላይ ቆማ፣ ሌላ የምትለው አጥታ።

«የሰው ከሆንሽ ግቢ» አለች እናቷ።

እናቷ ዕድሜ ልኳን የሰው ልብስ ስታጥብ የኖረች ሴት ናት፤ አሁን አቅሟ ሲደክም ማጠፍና መተኮስ ብቻ ይዛለች። አልጋው ላይ የአንድ ሙሉ ቤተሰብ ሸሚዝ ተከምሯል። ጥግ ላይ ትልቁ የብረት ሳፋ እንደ ድሮው ተደፍቶ ተቀምጧል። ፕላስቲኩ ከመጣ ጀምሮ አትጠቀምበትም፤ ለቆራሌው እንስጠው ሲሏትም እሺ ብላ አታውቅም።

«የቤቱ ኃላፊ ማን ነው?»

«ማን ይሆናል፣ ድመቷ ናታ።»

«ዕድሜዎ ስንት ነው?»

የእናቷ እጅ ሸሚዙ ላይ ቆመ። «ደግሞ አንቱ አልሽኝ?»

«ቅጹ ነው እማዬ። እንደተጻፈ አንብቡ ተብለናል።»

«እንግዲህ ወልጄ ያላገኘሁትን አንቱታ በመንግሥት ትእዛዝ አገኘሁት። ሰባ ሁለት በዪ። ሰባ ሦስት ብትዪም አልጣላሽም።»

ሁለቱም ለመሳቅ ትንሽ ቀራቸው። ከዚያ ወለሉ ሲሚንቶ ነው ወይስ አፈር፣ ውኃው ከየት ነው የሚለው አለፈና ሃያ አራት መጣ። ድምጿን አስተካክላ አነበበች።

እናቷ ያጠፈችውን ሸሚዝ ፈትታ እንደገና አጠፈችው። «ጻፊ እንጂ። ታውቂው የለ?»

«አላውቀውም። ወንድሜና እኔ አለን። ከእኛ በፊት ነበሩ ሲባል ሰምቻለሁ። ስንት እንደሆኑ ነግረሽኝ አታውቂም።»

«ልጅ አልቆጥርም።»

«ካልሞላሁት አይዘጋልኝም እማዬ።»

«አንድ ጊዜ ቆጥሬ አይቻለሁ። በቃኝ» አለች እናቷ፤ ከዚያ ዓይኗን ሸሚዙ ላይ ተክላ ታወራ ጀመር። «አንቺ ሁለት ዓመትሽ ነበር። መርፌዎቹ መጡ፤ ስማቸውን ስለማናውቅ መርፌዎቹ ነበር የምንላቸው። በረዶ ያለበት ሣጥን በትከሻቸው፣ ጠመኔ በእጃቸው። ስንት ልጅ አለሽ ይሉና በሩ ላይ ቁጥሩን ይጽፋሉ። እኔ ያኔ አራት ቀብሬያለሁ። ልጅ ጮክ ብሎ ሲቆጠር ሞት ይሰማል ይባል ነበር። ሦስት ነበራችሁ። ወንድምሽ፣ አንቺና ጉንጮ።»

«ጉንጮ ማን ነው?»

«ከአንቺ በላይ ያለው። አራት ዓመቱ። ጉንጩን ሳይቆነጥር የሚያልፍ ሰው አልነበረም።» እናቷ ወደ ጥግ አየች። «ሳፋው ሥር ደበቅኩት። ድብብቆሽ ነው፣ ዝም በል አልኩት። ዝም አለልኝ፤ ታዛዥ ነበር። ሁለት ናቸው ብዬ ሁለታችሁን አወጣሁ። ወጓችሁ። በሩ ላይ ሁለት ጽፈው ሄዱ። በሰባተኛው ወር ኩፍኝ ገባ። የተወጋውን እየዘለለ፣ ያልተወጋውን እየለቀመ መንደሩን ዞረው። ከእኔ ቤት ጉንጮን ብቻ ወሰደ።»

ልጅቱ ክንዷ ላይ ያለውን የክትባት ጠባሳ ያዘች። ለምን እንደምትጠይቅ ሳታውቅ ጠየቀች። «ለምን እሱን ደበቅሽ? ለምን እኔን አልደበቅሽም?»

«ወንድምሽን ደጅ ላይ አይተውታል። ሳፋውም ከአንድ ልጅ በላይ አይሸፍን።»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁሽ።»

«ልዋሽሽ?»

«አትዋሺኝ።»

«እሱን አብልጬ እወደው ነበር» አለች እናቷ። «አንቺ ከሲታ ነበርሽ፤ ስታለቅሺ የምትውዪ። እንደ አራቱ መሄድሽ ነው ብዬ ቆርጬ ነበር። ሞት ቆጥሮ መውሰዱ ካልቀረ በእሷ ይጀምር አልኩ። እኔ እናትሽ እንዲህ አልኩ። የሰጠሁት ተረፈልኝ፣ የሸሸግሁት ሄደብኝ።»

ልጅቱ ክው አለች። ታብሌቷን ይዛ ልትነሣ አለችና ተመልሳ ተቀመጠች። የተረፈችው እናቷ ስለሳሳችላት አልነበረም፤ ስላልሳሳችላት ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ እናቷ ውኃ ስታቀብላት፣ ጫማ ስታወልቅላት፣ በሆነው ባልሆነው «ሞት ይርሳሽ» ትላታለች። ሁሉም ሰው የሚለው ምርቃት ይመስላት ነበር። ለካ ምሕረት እየለመነችላት ነው፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ።

«ጉንጮ ሲሞት ሰዎቹ ምን አሉሽ?» አለች በመጨረሻ።

«ምን ይሉኛል። ምንም አይደለም፣ ሌላ ትወልጃለሽ አሉኝ። በአራቱም እንደዚያው ነው ያሉኝ። ለሞተ ልጅ የሚባል ሌላ ቃል ሰምቼ አላውቅም ልጄ። ብሰማ እለው ነበር።»

ሰባት ብላ ጻፈች። ሁለት ብላ ጻፈች። ታብሌቱ «የሞቱ አምስት፤ ትክክል ነው?» ሲላት፣ ፊደሉ በእንባ ተድበስብሶባት ትክክል ነው የሚለውን ሁለት ጊዜ ስታ በሦስተኛው ነካችው።

እናቷ ሸሚዞቹን ወደ ጎን ገፋች። «አንቺንስ ማን ቆጠረሽ?»

«ራሴ።»

«እዚህ ጥያቄ ላይ ምን አልሽ?»

«ዜሮ።»

እናቷ እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ታብሌቱን ከልጇ ጉልበት ላይ አነሣችው። ፊደል አልቆጠረችም፤ የያዘችውም ገልብጣ ነው። ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ልጇ ስታነብ እንደሰማቻት አደረገችና «በሕይወት ዘመንዎ ስንት ልጆች ወልደዋል?» አለች።

እናቷ አንቱ አለቻት። እንደ ወለደች ሴት፣ እንደ እኩያዋ።

«አንድ» አለች ልጅቱ። በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ይህን ቁጥር ከአፏ ስታወጣው የመጀመሪያዋ ነበር።

«በሕይወት አለ?»

«የለም።»

ታብሌቱን ተቀብላ የራሷን ቤት ቅጽ ከፈተች። ዜሮውን አጥፍታ አንድ አደረገችው። ወዲያው አዲስ ጥያቄ ወጣ፤ ሁለት ባዶ ሣጥን ያለው።

«ምን ይላል?» አለች እናቷ።

«ሲሞት ስንት ቀኑ ነበር ይላል። ቀን ካልሞላው ዜሮ ዜሮ በሉ ይላል።»

«ዜሮ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ምንም ማለት ነው፣ እማዬ።»

«ምንም አይደለም» አለች እናቷ።

የኮሪደሩ ቃል ነው። እናቷ ግን ፊቷን ወደ እሷ ሳይሆን ወደ ታብሌቱ አድርጋ፣ የተሳሳተ ልጅ እንደምትቆጣ ሁሉ፣ ቃሉን ለያይታ ደገመችው። «ምንም፣ አይደለም! አምስት ሰዓት ተኩል ነው። ጻፊበት።»

ተኩሏን ሳይቀር ታውቃለች። ያን ዕለት ኮሪደሩ ላይ ቆማ ሰዓቱን ቆጥራው ነበር ማለት ነው፤ ልጅ የማትቆጥረው ሴት።

«የሚጻፍበት ቦታ የለውም።»

«እንግዲያው ለእኔ ንገሪኝ። አላስገቡኝም፤ እኔ መልኩን አላየሁትም።»

ስልኳ ጠራ፤ ተቆጣጣሪው ነው። አጥፍታ ደፋችው። ቀይ ያሳየው። ከዚያ ወንበሯን ወደ አልጋው ሳበችና የእናቷን እጅ፣ ሳሙና የበላውን፣ በሁለት እጇ ያዘች።

«ዓይኑን ገልጦ ነበር» አለች። «መጀመሪያ ግራውን።»