የመንክር ዕረፍት

ፕሮግራሜ ባረፈ ቁጥር ፊት ለፊቴ የሚቀመጠው መንክር ባለበት ቀጥ ይላል።

ፕሮግራሙ የሕንፃችንን የውሃ ታንከሮች ይቆጣጠራል። ውሃ ሲጎድል ሞተሩን ያስነሳል፣ ግፊቱ እስኪረጋ ጥቂት ያርፋል፣ ከዚያ ሥራውን ይቀጥላል። በዚያች ዕረፍት ውስጥ መንክር አይተነፍስም። ዐይኑን አያርገበግብም። ሻይ እየጠጣ ከሆነ ሻዩም ብርጭቆው ጠርዝ ላይ እንደተንጠለጠለ ይቆያል። ዕረፍቱ ሲያልቅ ንግግሩን ካቋረጠበት ይቀጥላል።

መጀመሪያ ያየሁት እኔን ሲሰድብ ነው።

«ምንትዋብ፣ ይሄን ኮድ የጻፍሽው በእግርሽ ነው ወይስ...» ብሎ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ጠበቅኩት።

«...በክርንሽ?» ብሎ ጨረሰ።

ቢሮው በሙሉ አየ፤ ማንም አልደነገጠም። መንክር የማይሰድበው ሰው ስላልነበረ ሁላችንም ያሰብነው ዕረፍቱ ሊረዝም ይችል እንደሆነ ብቻ ነው።

«ትንሽ ብትጨምሪበትስ?» አሉኝ በማግሥቱ አለቃችን አቶ ልዑልሰገድ።

«ለሞተሩ ነው?»

«ለሞተሩ በዪው።»

አሥር ሰከንድ አደረግሁት። ፕሮግራሙ የተጻፈው ጃቫ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነበር። በጃቫ ዕረፍት የሚለካው በሰከንድ ሳይሆን በሚሊሰከንድ ስለሆነ አሥር ሺህ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ሲነሳ ሰዉም አብሮ ከወንበሩ ይነሳል። ባልደረባችን ትርሲት ከመንክር መሳቢያ ስኳር ትወስዳለች። አቶ ልዑልሰገድ ጆሮው ሥር ጎንበስ ብለው «ደደብ» ይሉትና ከረባታቸውን አስተካክለው ወደ ክፍላቸው ይመለሳሉ። እኔ ምንም ብዬው አላውቅም። ቁጥሩን ጽፌበታለሁ፤ ከዚያ በላይ መሳደብ ነውር መሰለኝ።

ሐሙስ ዕለት ያንኑ ፕሮግራም ፓይተን በሚባል ሌላ ቋንቋ እንደ አዲስ ጽፌ ጨረስኩና ከምሳ በኋላ አስነሳሁት። መንክር ብርጭቆውን ወደ አፉ እያስጠጋ ወደ ትርሲት ዞሮ ነበር።

«ስኳሬን የምትወስጂው አንቺ...» አለና ቀጥ አለ።

አሥር ሰከንድ አለፈ። ሻዩ አልተንቀሳቀሰም። የጻፍኩትን መልሼ አየሁ። ፓይተን ዕረፍትን የሚለካው በሰከንድ ነው፤ እኔ ደግሞ አሥር ሺዋን እንዳለች ገልብጫታለሁ።

«ስንት ነው?» አለች ትርሲት።

«ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋል።»

«ተመስገን!» አለችና የስኳሩን ዕቃ ከነክዳኑ ይዛ ሄደች።

ላቋርጠው እችል ነበር። ሁለት ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ግን ዕረፍት ላይ ሳለ የተቋረጠ ፕሮግራም ቀጣዩ መስመር ላይ አይደርስም። መንክርም እንዳይደርስ ፈራሁ።

«ተዪው፣» አሉ አቶ ልዑልሰገድ። «ዓመቱን ሙሉ እንደዚህ ተረጋግተን ሠርተን አናውቅም።»

ዘጠኝ ተኩል ሲሆን የመንክር ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። ዝም አለ። እንደገና ሲጮህ አነሳሁት።

«አባባ፣ በር ላይ ነኝ። ሁሉም ልጆች ሄዱ፣» አለች ልጁ ናርዶስ በትምህርት ቤቷ ዘበኛ ስልክ። ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ከእኔ ልጅ ጋር እኩዮች ናቸው።

«አባትሽ ስብሰባ ላይ ነው፣ የኔ ቆንጆ።»

«መቼ ነው የሚያልቀው?»

«አሁን።»

ስልኩን አስቀመጥኩ። «አንዳችን ሄደን እናምጣት፣» አልኩ።

«ምኗ ነን ብለን? ዘበኛው መች ይሰጠናል!» አለች ትርሲት ከስክሪኗ ሳትነቀል። «እሱ የኛን ልጅ ያመጣልን ነበር?»

ጣቶቼን ቁልፎቹ ላይ አሳረፍኩ፤ አነሳኋቸው፤ መልሼ አሳረፍኳቸው። ናርዶስ ደጋግማ ደወለች። በደወለች ቁጥር «አሁን» አልኳት። መጨረሻ ላይ ሳትጠይቀኝ ዘጋችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ሻዩ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ።

«...ነሽ፣» አለ መንክር።

ብርጭቆውን አስቀመጠ፤ ሸሚዙን በመሐረብ ጠረገ። ከዚያ ስልኩን አንስቶ ደወለ። «ናርዶስዬ፣ ዘበኛው ጋ ቁጭ በዪ። አንዲት ሥራ አለችኝ፣ ጨርሼ መጣሁ።»

ጠረጴዛዬን ዞሮ አጠገቤ ቆመ።

«ስብሰባ ላይ ነው አልሻት፣» አለኝ።

«ትሰማ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።» ወደ አለቃችን ዞሮ ድምፁን ሳይጨምር፣ «ደደቡ እርስዎ ነዎት፣» አላቸው። አቶ ልዑልሰገድ የክፍላቸውን በር ቀስ ብለው ዘጉ። ትርሲት የስኳሩን ዕቃ አምጥታ ቦታው ላይ መለሰች።

«ወንበርሽን ትንሽ ገፋ አድርጊልኝ።»

ገፋሁለት። በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብሎ ከእኔ የዕረፍት መስመር ሥር ሌላ የዕረፍት መስመር ጻፈ። ቅንፉን ከፈተና ቁጥሩ የሚገባበት ቦታ ላይ ሲደርስ አቆመ።

«በዚህኛው ቋንቋ በሰከንድ ነው አይደል?»

አዎ ልለው፣ ከዚያም እባክህ ልለው አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን ቁጥሩን ጽፎ አስነሳው፤ አፌ እንደተከፈተ ቀረ።

የመስኮቱ ብርሃን ግድግዳው ላይ ወጥቶ፣ ጠፍቶ፣ እንደገና ወለሉ ላይ መጥቷል። ከኋላዬ ትርሲት ትስቃለች። አንድ እጅ መሳቢያዬን ከፍቶ ውስጡን ይዳብሳል። ስልኬ ይጮኻል፤ ዝም ይላል፤ እንደገና ይጮኻል። መንክር ያነሳዋል።

«እናትሽ ስብሰባ ላይ ናት፣ የኔ ቆንጆ፣» ይላል። ጥቂት ያዳምጣል።

«አሁን።»