ሽመላዋ እግሯን ያጣች ዕለት

«ወይ ጉዴ! እግሯ ተነቅሎ መጣ!»

ፒልሱን ጨርቁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣችው። በሙቅ ውሃ በነከረችው ጨርቅ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ዛጎል ተጣብቆ ሮዝና አረንጓዴ ያብለጨልጫል። በቁም ሣጥኑ በር ላይ፣ ከጥዱ ሥር፣ በጥቁሩ ቅብ መሃል በዛጎል ተለጥፋ የቆመችው ሽመላ በአንድ እግሯ ቀርታለች።

ልጇ ሄሪዮን የምታስረውን ካርቶን ትታ ሮጣ መጣች።

«እማዬ! ሰውዬው እኮ ከምሳ በኋላ ቁም ሣጥኑን ሊወስድ ይመጣል። ዕድሜሽን ሙሉ ከዛጎል ለጣፊ ጋር ኖረሽ፣ ሙጫ በሙቅ ውሃ እንደሚለቅ ጠፋሽ?»

«አባትሽ ነበር በየጊዜው የሚጮህብኝ። የሚጮህብኝ ሲጠፋ ረሳሁት።»

ባሏ ቺልቦክ ያረፈው ብርዱ በጠናበት ሰሞን ነው። ከወደቡ በላይ ያለው አሮጌ ቤት ለፒልሱን ብቻዋን አይሆንም ተባለ፤ ሄሪዮንም ከአፓርታማዋ አንዱን ክፍል ለቀቀችላት። ክፍሉ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚይዘው፤ ወይ ቁም ሣጥን፣ ወይ አልጋ። ሄሪዮን የእናቷን ጉልበት አስባ አልጋ ገዛች። ቺልቦክ ለሠርጋቸው የሠራው ቁም ሣጥን ደግሞ ፒዮ ለሚባል ወጣት ሊሰጥ ሆነ። ፒዮ ታች ወደቡ አጠገብ አንድ የድሮ ቤት አድሶ እንግዳ ማሳደር ጀምሯል። ፒልሱን እሺ ብላለች። እሺ ካለች ወዲህ ግን ቁም ሣጥኑን ሳትወለውል የዋለችበት ቀን የለም።

ባንግ ተጠርቶ ሲመጣ ገና ከደጅ ይስቅ ነበር። ከቺልቦክ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ሲሠሩ ነው ያረጁት።

«እትዬ፣ ሰውዬውን ቀብረን ሳንጨርስ ሥራውን መበለት ጀመርሽ?»

«አፍህን ዝጋና እግሯን መልስ።»

ባንግ የበሬ ቆዳ ሙጫውን በበሩ ላይ ቀባ፤ ትንሿን ካውያም ምድጃው ላይ ጣደ። ከዚያ ዛጎሉን በጣቱ ጫፍ ይዞ ቆመና ራሱን ነቀነቀ።

«ምራቅ የለኝም።»

«ምን?»

«የደም ግፊት ክኒኑ አፌን የደረቀ ዓሣ አድርጎታል። ዛጎል ደግሞ በምላስ ካልረጠበ ሙጫው በልኩ አይቀበለውም። ውሃ ይበዛበታል። ነይ፣ አንቺ ላሺው።»

«እኔ? ሞቼ ነው!»

ሄሪዮን ሳቀች። ቺልቦክ ቀኑን ሙሉ ዛጎል በምላሱ እያረጠበ ሙጫ ሲለጥፍ ውሎ ሲገባ፣ ፒልሱን «አፍህን ሳትታጠብ እንዳትጠጋኝ!» ትለው ነበር። እሱም ከንፈሩን አሹሎ በወጥ ቤቱ ዙሪያ ያባርራታል፤ እሷ ጭልፋ ይዛ ትሸሻለች። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው።

«በይ እንጂ እማዬ፤ ጭልፋ ላምጣልሽ?»

«አንቺ ባለጌ!»

ፒልሱን ዓይኗን ጨፍና ምላሷን አወጣች። ዛጎሉ ላይ የቀረው አሮጌ ሙጫ ለሰለሰ። የቆዳ ሽታ፣ ትንሽ ጨው፣ ትንሽ ጭስ። እንደዚያው ዓይኗን እንደጨፈነች ቆየች።

«ምነው? ይመርራል?» አለች ሄሪዮን።

«አባትሽ ነው።»

ወዲያው ፒልሱን ራሷ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ራሱ ነው! ያ ግም አፉ! ሳይታጠብ የገባ ዕለት!»

ባንግ ዛጎሉን ቦታው ላይ አኑሮ በካውያው ተጫነው። ቺስ አለ። ሽመላዋ በሁለት እግሯ ቆመች።

ፒዮ ሁለት ተሸካሚዎችና ገመድ ይዞ ደረሰ። «እንዴት ዋሉ፣ እማማ! ተዘጋጀ?»

ፒልሱን ጀርባዋን ለቁም ሣጥኑ ሰጥታ ቆመች። «ልጄ፣ እንግዶችህ በምን ላይ ነው የሚተኙት?»

«በወለል ላይ ነዋ፣ የድሮ ቤት አይደል። ግን ወገባችን አሉ፤ አሁን አልጋ እያፈላለግኩ ነው።»

«እዚህች ልጄ ቤት አዲስ አልጋ አለ። ፕላስቲኩ እንኳ አልተነሣም።»

«እማዬ!» ሄሪዮን ጮኸች። «ጉልበትሽስ?»

«የወለሉን ማሞቂያ ክፈቺልኝ፣ እዚያው እተኛለሁ። ጉልበቴ ሞቅ ባለ ወለል ላይ ነው ያደገው።»

«ተኚበት እንበል፤ ጧት ማን ያነሣሻል? እኔ ሥራ ነኝ። እስቲ አሁን ወለሉ ላይ ተቀመጪና ብቻሽን ተነሺ!»

ፒልሱን ተቀመጠች። ጉልበቷ እንደ ደረቅ ጭራሮ ተንጣጣ። ባንግ ሊደግፋት ጎንበስ ሲል እጁን መታችው። ወደ ኋላዋ ዞር ብላ የቁም ሣጥኑን የነሐስ መያዣ ጨበጠች፤ አንድ እግሯን ተከለች፤ አቃሰተች፤ ቀጥ ብላ ቆመች።

«አየሽ? የሚያነሣኝ አለ።»

ሄሪዮን እናቷንም ቁም ሣጥኑንም አየች። ከዚያ ወደ ተሸካሚዎቹ ዞረች።

«ቀስ ብላችሁ ነው የምታወርዱት፤ ሙጫው ገና አልደረቀም» አለች። «ወደ እኔ ቤት ነው የሚሄደው። አልጋውን ከዚያ ትወስዳላችሁ።»