የኢያሱ ደም

ሲስተር ኑኃሚን የእድሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የሟቹን የኢያሱን ሚስት የሺሃረግን ታጽናናለች። ዘንድሮ የተመደበችው ኢያሱ አሥራ አንድ ዓመት ፀረ ተባይ በረጨበት የሻይ እርሻ ክሊኒክ ነው። ለቅሶ የሚደርሰውን ሰው ማስተናገድ የታናሽ ወንድሙ የፈለቀ ሥራ ነበር፤ አሁን ግን ከየሺሃረግ ወዲያ ተቀምጦ የድንኳኑን ሸራ የሚመታውን ዝናብ ያዳምጣል። ሰልስቱ ነው። ቦንጋ ሙሉ ሲያለቅስ እሱ እንባ አልወጣውም። ወንበር ያቀርባል፣ «እግዜር ይስጥልን» ይላል፣ ይቀመጣል። እጅ እግሩ የተውሶ መስሎታል።

«በኬሚካሉ እንዳይመስላችሁ» አለች ሲስተር። «ፋይሉን አውጥቼ አየሁት። ምርመራው ከተጀመረ ወዲህ በየስድስት ወሩ ደሙ ተመርምሯል፤ ሦስቱም ጊዜ ደህና ነው። ልቡ ይሆናል።»

ፈለቀ ጋቢውን ወደ አፉ ሳበ።

ኢያሱ ምንም የማይፈራ ሰው ነበር። ሃያ ሊትር መርጫ አዝሎ ዳገቱን ሲወጣ ያፏጫል። መርፌ ሲያይ ግን ይሸሻል። የላብራቶሪ ሰዎች ከሩቅ መጥተው ስም ይጠራሉ፣ ክንድ ይወጋሉ፣ ይሄዳሉ፤ ፊት አያውቁም። በመጀመሪያው ምርመራ ኢያሱ ወንድሙን ሻይ ቅጠል ከሚመዝንበት ጠርቶ፣ «በናትህ፣ አንተ ግባልኝ» አለው። ፈለቀ መርጫ ነክቶ አያውቅም። እየሳቀ ገባ። ሁለተኛውንም ገባ፣ ሦስተኛውንም። «ጀግናው ጋሼ» እያለ ሲያበሽቀው ኢያሱ ጆሮውን ይቆነጥጠዋል። የአንድ እናት ልጆች ደም ምን ይለያል ብለው ነበር።

ባለፈው ወር ኢያሱ ላብ ያጠምቀው፣ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሺሃረግ እረፍት እንዲጠይቅ ለመነችው። «ደሜ ደህና ነው ተብያለሁ» ብሎ ወደ ርጭቱ ሄደ። የማን ደም እንደነበር ሁለቱም ወንድማማቾች ረስተውት ነበር።

ከማዶ የተቀመጠው ጋሽ እንዳለ ወደ ሲስተር ዞረ። እንዳለ የኢያሱ የርጭት ጓደኛ ነው። ባለፈው ምርመራ ደሙ በኬሚካሉ ተጎድቷል ተብሎ፣ እስኪያገግም ችግኝ ጣቢያ እንዲሠራ ተደርጓል፤ እሱ ግን እንደ ቅጣት ነው የቆጠረው።

«እንግዲህ ሲስተር፣ ደሙ ደህና የተባለው ሞቶ፣ ተበላሸ የተባልኩት እኔ በእግሬ ለቅሶ ከመጣሁ፣ ምርመራው ምን ይረባል? ሰኞ መርጫዬን ስጡኝ። የኢያሱን መስመር እኔ እይዛለሁ።»

ሲስተር ኑኃሚን፣ አለቃውን አነጋግራለሁ አለችው። እንዳለ አመስግኖ ስኒውን አነሳ። በሁለት እጁ ይዞትም ቡናው ጋቢው ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ፈለቀ ያንን እጅ አየ። በሦስት ቀን ውስጥ መጀመሪያ የተሰማው ነገር ፍርሃት ነው። ቢናገር የሺሃረግ ዳግመኛ ዓይኑን ማየት አትፈልግም። ባሌን ገደልከው ትለው ይሆናል። ዝም ቢል ግን ሰኞ ሩቅ አይደለም።

«ጋሽ እንዳለ፣ አትሂድ» አለ። ድምፁ ቀጭን ነበር። «የጋሼ ደም ተመርምሮ አያውቅም።»

የሺሃረግ ዞር አለች። ፈለቀ ጋቢውን ከትከሻው አወረደ፤ የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ጠቅልሎ፣ በየሺሃረግ ፊት አሳልፎ ሦስት ጊዜ የተወጋውን ክንዱን ለሲስተር ዘረጋላት። ማንም አልነካውም፤ እሱም አላጠፈውም።