የምሰሶው ሽታ

የጥድ ሽታ ስንት ቀን ይቆያል? እማማ ጌታነሽ ይህን የሚጠይቁት ሰው አልነበራቸውም። መሠረተ ትምህርት ተምረው፣ ከዚያም እስከ ስድስተኛ ክፍል ዘልቀው ነበር፤ እንዲህ ያለውን ግን ያስተማራቸው የለም። ተንበርክከው እበትና አመድ ለወሱና አዲሱን ምሰሶ ከሥሩ እስከ እጃቸው መድረሻ ለቀለቁት። ሲጨርሱ አሸተቱት። አሁንም ጥድ ጥድ ይላል።

"አሮጌ ምሰሶ መሰለ?" አሉ።

"እበት የተቀባ አዲስ ምሰሶ መሰለ፤" አለ የልጅ ልጃቸው ሀዲስ፣ ቅርፊቱን ወደ ምድጃው እየወረወረ።

"ተው አታቃጥለው! ጭሱ ይሸታል።"

"እንግዲህ ልብላው?"

ሊስቁ ፈልገው አልሆነላቸውም። ሀዲስ ሃያ ዓመት ያለፈው ጎረምሳ ቢሆንም፣ ለእሳቸው አሁንም ከጀርባቸው ያልወረደ ልጅ ነው። ከመንደሩ በላይ ያለው ተራራ፣ ጥድ አምባ፣ በምሳር ተመንጥሮ ራቁቱን በቀረበት ዘመን፣ በአንድ ክረምት ቁልቁለቱ ተንዶ ውኃ ልትቀዳ የወረደች እናቱን፣ የእሳቸውን ልጅ፣ ይዟት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ በጣለ ቁጥር የጌታነሽ አንድ ጆሮ ተራራው ላይ ነው፣ አንድ ጆሯቸው ጣሪያው ላይ። ዘንድሮ ደግሞ የቤቱ ምሰሶ ተሰነጠቀ። "ሊወድቅ ነው፣ አንተ ላይ ሊወድቅ ነው፤" እያሉ ጧት ማታ ሲነተርኩ፣ ሀዲስ አንድ ቀን የደኑ ጠባቂዎች ቀብር መሄዳቸውን አይቶ መጥረቢያውን አነሣ። ጥዱን ተሸክሞ፣ ትከሻው ተልጦ ነው የተመለሰው።

"ማን አየህ?" ብለውት ነበር።

"ጉም።"

ጥድ አምባ አሁን የተከለለ ደን ነው። የከለለውም አገሩ ራሱ ነው። ባለፈው ዓመት ሳሌም የምትባል ቀጭን የደን ባለሙያ ከወረዳ መጥታ፣ ሰዉን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሰብስባ፣ ተራራውን፣ ምንጩንና ማሳውን በድንጋይና በቅጠል መሬት ላይ አስቀመጠችላቸው። "ሕጉን እናንተ አውጡ፤ እኔ ያወጣሁትን እናንተ አትጠብቁትም፤" አለች። ስለ ቅጣቱ ሲነጋገሩ፣ የቆረጠ ሰው ችግኝ ተክሎ ያሳድግ አለች። ያኔ የሴቶች ተወካይ ሆነው ለደኑ ኮሚቴ የተመረጡት ጌታነሽ ብድግ አሉ።

"የእኔ ልጅ፣ ጥድ እኮ ጎመን አይደለም! ዛሬ ተክለሽ ለፋሲካ አትቀጥፊውም።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

"የቆረጠ ከጎረቤት እሳት አይጫር፣ ከምንጩ አይቅዳ፣ ከእድር ይውጣ፣ ሲሞት የሚቀብረው አይኑር። አይቶ የደበቀም እንደዚያው።"

"እማማ፣ ይሄ ይከብዳል፤" አለች ሳሌም ፊቷ ጠቁሮ።

"እንዲከብድ ነው እንጂ!"

የልጃቸውን ነገር የማያውቅ አልነበረምና እጁን ያላወጣ አልተገኘም። ሳሌም ያስጨመረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤቱ ሊወድቅ ለደረሰ ሰው ኮሚቴው አይቶ አንድ እንጨት ይፈቅድለታል።

ታዲያ ለምን አልጠየቁም? በሰኔ ቀጥቃጩ ዳኜ፣ ወድቆ የደረቀ ግንድ ለከሰል እንዲፈቀድለት ደጅ ሲጠና፣ "ዛሬ ደረቅ፣ ነገ እርጥብ" ብለው የመለሱት እሳቸው ነበሩ። ሊወድቅ የደረሰ ቤት ሌላ፣ ከሰል ሌላ መሆኑ አልጠፋቸውም። ግን በአፋቸው የዘጉትን በር በእጃቸው ማንኳኳት አፈሩ።

ጠባቂዎቹ ጉቶውን አገኙት። የአጥቢያው ቄስ መምሬ ትዕዛዙም አውጫጭ ጠሩ። አውጫጭ ሲጠራ አገር ምድሩ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ከብት ቢጠፋ ገብስ ቢበላ ማንም ወደ ሥራው አይበተንም።

"አክስትህ ዘንድ ዘመሮ ሂድ፤ ታማለች፤" አሉት ጌታነሽ ሀዲስን።

"ማን ነገረዎት?"

"ልቤ።"

"አውጫጩስ?"

"የቤት ራስ ከማለ ይበቃል። ስለ ቤቱ እኔ እምላለሁ።"

"ምን ብለው?"

"ሂድ አልኩህ!"

ሄደ። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም "አላየሁም፣ አልሰማሁም" እያለ ዋለ። በማግስቱ በረዶ የቀላቀለ ካፊያ ጣለ። ሰዉ ጋቢውን ተከናንቦ ማጉረምረም ጀመረ።

"የእኔን ገብስ በሬ እየበላው ነው። ጥዱን የበላው ሰውዬ ጠግቦ ከሆነ ይናገር!" አለ አንዱ።

"እሱማ ሞቆት ተኝቷል፤" አለ ሌላው፤ ተሳቀ። ከሳቁ ሥር ደግሞ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ድምፅ መጣ፤ "ከሰል ማን ነው የሚያከስለው?"

ሳቁ ቆመ። ዓይን ሁሉ እንደ ሁልጊዜው ከሰው ራቅ ብሎ ወደተቀመጠው ወደ ዳኜ ዞረ። የአገሩን ማረሻ የሚያበጀው እሱ ነው፤ ማታ ግን ቤቱ ገብቶ ውኃ የሚጠጣለት የለም።

"በሰኔ አልጠየቀም እንዴ? ሲከለከል ሰረቀ!"

"እኔ?" ዳኜ ተነሣ። "ጎበዝ፣ ጥድ ያውም እርጥቡን ምን አደርገዋለሁ? የማከስለው ደረቅ ነው።" ማንም እንዳልሰማው ሲያይ ወደ ሴቶቹ ዞረ። "እትዬ ጌታነሽ፣ እርስዎ ፊደል የቆጠሩ ነዎት፣ ሕጉንም ያወጡት እርስዎ ነዎት። ሲከለክሉኝ እሺ ብዬ አልሄድኩም? እስቲ አንድ ቃል ይናገሩልኝ።"

ጌታነሽ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁ። እበቱ ከጥፍራቸው ሥር አልወጣም ነበር።

"እኔ ምን አውቄ፤" አሉ።

መምሬ ትዕዛዙ መስቀላቸውን ይዘው ቀረቡ። "የሚያውቁት ከሌለ ይማሉ፣ እትዬ። እንደ ሌላው። ግን ይጠንቀቁ፤ የሐሰት መሐላ ከአፍ ወጥቶ ቤት ነው የሚገባው።"

የሀዲስ እናት ትዝ አለቻቸው፤ ከጭቃው የተገኘው አንድ ጫማዋ ብቻ ነበር። አንዷን ተራራው ወሰዳት፣ ይኼን ደግሞ ሰው ሊወስደው ነው? መስቀሉን ተሳለሙ።

"ስለ ራሴም፣ ስለ ቤቴም። አላየሁም፣ አልሰማሁም። አይቼ ብደብቅ እንደ ሰም ያቅልጠኝ፣ እንደ ገል ይቀጥቅጠኝ።"

"አሜን፤" አለ ሰዉ።

ከዚያ በኋላ የዳኜን መሐላ የተቀበለው የለም። እሳቸው ባለፈው ዓመት ቆመው የተናገሩት ቃል፣ አንድም ሳይጎድል፣ በዳኜ ላይ ተፈረደ። ዝናቡም በረታ፤ ሰዉ ወደየገብሱ ሮጠ።

ሀዲስ በማግስቱ ገባ። ጋቢውን ሳያወልቅ፣ ሳይቀመጥ ቆመ።

"አክስትህ እንዴት ናት?"

"ደኅና ናት። ድሮም ደኅና ነበረች።"

"ተመስገን። ተቀመጥ፣ በሶ ልበጥብጥልህ፤ ብርድ መትቶሃል።"

"ምንጩ ጋ የዳኜን ሚስት አገኘኋት፤ ዓለሚቱን። ጀሪካኗን ደፉባት። ልጇን አዝላ የደፈረሰውን ወንዝ ልትቀዳ ስትወርድ አየሁ። እናቴ የወረደችበትን ቁልቁለት።"

ጌታነሽ በሶውን መበጥበጥ አልተዉም።

"መጥረቢያዬን የሳለልኝ እሱ ነው፣ እማማ። ለምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀኝም።"

"እሱም እግዜር አለው..."

"ማሉ?"

"ልጄ፣ ያለኸኝ አንድ አንተ ነህ..."

"ስለ እኔም ጭምር?"

"ስለ ቤቱ።"

ሀዲስ ቀና ብሎ ምሰሶውን አየ። እበቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ከስንጥቁ ውስጥ ቀዩ እንጨት እንደ ቁስል ይታያል። መዳፉን አሳረፈበት። ከዚያ ከጎተራው ኋላ እጁን ሰዶ መጥረቢያውን አወጣ።

በሶው ከጌታነሽ እጅ ወደቀ። ሮጠው በሩ ላይ ቆሙ። ከደጃቸው መንገዱ ሁለት ነው፤ ቁልቁሉ ወደ ሞላሌ፣ መኪና ወዳለበት፤ ሽቅቡ ወደ መምሬ ትዕዛዙ ቤት።

"ብትናገር እኮ እኔንም አሳልፈህ ሰጠኸኝ ማለት ነው! የዋሸሁት በመስቀል ነው፤ ማን ይቀብረኛል? መሄዱ ካልቀረ ቁልቁል ሂድ። ሞላሌ መኪና አለ። ብትርቀኝም ግድ የለም፤ አንተ ኑርልኝ እንጂ እኔ ምሰሶውን እያሸተትኩ እኖራለሁ። ሀዲስ? ምናለ አንዴ እንኳ እሺ ብትለኝ?"

ከትከሻቸው የወረደውን ነጠላ መልሶ ደረበላቸው። በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ እንቁላል፣ ከበሩ ፈቀቅ አደረጋቸው። ጉሙ እስከ ደጃፉ ገብቶ ነበር። ሀዲስ መጥረቢያውን አንግቦ ወጣ፤ ሽቅቡንም ያዘ።